የእትብት ደም ሲቀዘቅዝ ስቴም ሴሉ ምን ይሆናል?

የእትብት ደም ውስጥ ስቴም ሴሎች፣ ማለትም ሌሎች የደም ሴሎችን የሚያስገኙ እናት ሴሎች፣ አሉ። በድሬዳዋ የግንቦት ሙቀት ይህ ደም ገና ማቀዝቀዣ ሳይደርስ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ሙቀት በማያስገባ ሣጥን ይጓዛል፤ በረዶ ላይ በቀጥታ ግን አይቀመጥም። ከተቀዳ በ48 ሰዓት ውስጥ በረዶ እስኪሆን መቀዝቀዝ ይኖርበታል።

ማቀዝቀዙ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በጣም ከዘገየ ከሴሉ ውጪ ያለው ውሃ ቀድሞ በረዶ ይሆንና የቀረው ፈሳሽ ጨው ይበዛበታል፤ ሴሉም ውሃውን አጥቶ ይጨማደዳል። ከተቸኮለ ደግሞ ውሃው ሳይወጣ እዚያው ውስጥ ክሪስታል ሠርቶ ሽፋኑን ይበጣጥሰዋል። መሀከለኛው መንገድ 10 በመቶ ገደማ ዲኤምኤስኦ (ሴሉን ከበረዶ ጉዳት የሚከላከል ኬሚካል) ጨምሮ በደቂቃ 1 ዲግሪ ያህል ማውረድ ነው። ዲኤምኤስኦው የሚገባው ደሙ ያለበት ከረጢት ቀዝቅዞ፣ ቀስ በቀስ እየተነቃነቀ ነው። ከገባ በኋላ በክፍል ሙቀት ከቆየ ሴሉን ይመርዛል።

የቤት ፍሪዘር እርሱት። ማከማቻው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ የሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው። መብራት ቢጠፋም ወዲያው አይሞቅም፤ ግን ስለሚተን በየጊዜው መሙላት ግድ ነው።

ማቅለጡ በተቃራኒው በ37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ በፍጥነት ነው። ቀይ የደም ሴሎችና ግራኑሎሳይቶች (የነጭ ደም ሴል ዓይነት) በብዛት ይፈርሳሉ፣ ስቴም ሴሎቹ ግን የተሻለ ይቋቋማሉ። ስለዚህ አጠቃላይ የሴል ቁጥር ብቻ ያሳስታል፤ በሕይወት ያሉት ሲዲ34 ሴሎች (ስቴም ሴሎቹ የሚለዩበትን ሲዲ34 የተባለ ምልክት የያዙት) ይቆጠሩ፣ ኮሎኒ መሥራታቸውም፣ ማለትም ተባዝተው የሴል ስብስብ መፍጠራቸውም፣ ይፈተሽ።