ደብተሩ ትምህርት ቤት ነው

የምማረው ኢንዶኔዥያ፣ ጃቫ ደሴት ላይ ባለችው ዮግያካርታ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከዚያ የኤሌክትሪክ ባቡሩን ያዝን። ትኬቱ 8 ሺህ ሩፒያ ነው። ቅርብም ውረድ ሩቅ፣ ያው 8 ሺህ ነው። ክላተን ስንደርስ የጓደኛዬ ሞተር ሳይክል ጣቢያው አጠገብ ቆማ ጠበቀችን። እኔ ከኋላ ተፈናጠጥኩ። መንደሩ መንገድ ላይ ሰዎች ሩዝ አስጥተዋል። ግማሹ አስፋልት የመኪና ነው፣ ግማሹ የሩዝ። ክላክስ የሚያደርግ የለም፣ የሚቆጣ የለም። ጓደኛዬ በሩዙና በጭነት መኪናው መሃል እንደ መርፌ እየሾለከ ነዳ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ጸሎት ላይ ነበርኩ።

የክፍሌ ልጅ ነው። «እናቴ አንተን ካላየች አታርፍም» ካለኝ ሁለት ወር ሆኖታል። እኔ ደግሞ የምማረው የመሬት አስተዳደር ነው። አንድም የጃቫ መንደር ውስጥ ሳላድር ስለ ጃቫ መንደር መሬት ፈተና ልቀመጥ ስል ራሴን አፈርኩት።

እዚህ አባትን «ባፓክ»፣ እናትን «ኢቡ» ነው የሚሉት። ያንተ ወላጆች ባይሆኑም እንደዚያ ነው። ትልቅ ሰውን በስሙ ብቻ መጥራት ነውር ነው፤ በዚህ አንለያይም። እኔ ስገባ «ማስ» ነበርኩ፣ ታላቅ ወንድም እንደማለት። ማታ ላይ ኢቡ «ሌ» ማለት ጀመሩ። ይሄ የጃቫ እናቶች ለወንድ ልጃቸው የሚሉት ነው። ሁለት ሳህን ሩዝ ስለጨረስኩ ያገኘሁት ማዕረግ ይመስለኛል።

ከምሳ በኋላ ድፍረት ተሰማኝና «የእርሻውን የባለቤትነት ደብተር ማየት ይቻላል?» ብዬ ጠየቅኩ።

ኢቡ ወደ ባፓክ አዩ። ከዚያ «ትምህርት ቤት ነው» አሉ።

ቋንቋው ገና አልገባኝም ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። መንደሩ ትምህርት ቤት ውስጥ ካዝና ይኖር ይሆናል። «ታዲያ ሰኞ ይመለሳል?» አልኳቸው። ቤቱ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ባፓክ ሻይ ትን አላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ አገር «ደብተሩን ትምህርት ቤት ላክሁት» ማለት ባንክ አስይዤ ተበደርኩበት ማለት ነው። የመሬት ደብተር ይማራል። የሞተር ሳይክል ሊብሬ ይማራል። የመንግሥት ሠራተኛ የቅጥር ደብዳቤ እንኳ ይማራል። ዕዳው ሲያልቅ ተመርቆ ቤቱ ይመለሳል። የኢቡ ደብተር ትምህርት ቤት የገባው ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ እንዲገባ ነበር። ይሄን ሲነግሩኝ ከሳቁት መሃል ጓደኛዬ አልነበረም። ስልኩን ሲነካካ ነበር።

ማምሻውን ባፓክ እርሻውን ሊያሳዩኝ ይዘውኝ ወጡ። የምንሄደው በሁለት ማሳ መሃል ባለ የጭቃ ድንበር ላይ ነው። ስፋቱ አንድ እግር ነው። እሳቸው በባዶ እግራቸው እንደ አስፋልት ይሄዱበታል። እኔ ሁለት ጊዜ ውሃ ውስጥ ገባሁ።

«ይኸው» አሉ። 2,500 ካሬ ሜትር። በኛ አገር አንድ ጥማድ ገደማ መሆኑ ነው። በቃ፣ ይሄው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው ሕግ አንድ የገበሬ ቤተሰብ ቢያንስ 2 ሄክታር እንዲኖረው መንግሥት ይጥራል ይላል። ክፍል ውስጥ ሸምድጄዋለሁ። ግን ጃቫ የአገራችንን ስምንተኛ እንኳ የማትሞላ ደሴት ናት፣ ከ150 ሚሊዮን በላይ ሰው ይኖርባታል። 2 ሄክታሩ ከየት ይምጣ? ከግማሽ ሄክታር በታች ያለውን ገበሬ «ፔታኒ ጉረም» ይሉታል። ጉረም ማለት በዓይን ለማየት የምታስቸግር የዶሮ ቅማል ናት። በራሳቸው ላይ ሲቀልዱ አይቻቸውም።

ደግነቱ ውሃ አለ። ውሃው ካልቀረ በዓመት ሦስት ጊዜ ይታጨዳል። ውሃውን በየተራ የሚያከፋፍለው ሰው «ኡሉ ኡሉ» ይባላል። በኛ የመስኖ አገር የውሃ አባት የምንለው ማለት ነው።

አሁን ግን ያ ማሳ የማን ነው ብትሉኝ መልሱ አጭር አይደለም።

መሬቱ የኢቡ ነው። ከአባታቸው የወረሱት። ጃቫዎች ስለ ውርስ አንድ አባባል አላቸው። ወንድ በትከሻው በትር አድርጎ ፊትና ኋላ ሁለት ቅርጫት ይሸከማል፣ ሴት በጀርባዋ አንድ ታዝላለች። ስለዚህ ለወንድ ሁለት እጅ፣ ለሴት አንድ። የእስልምናውም ድርሻ ከዚሁ ጋር ይገጥማል። ብዙ ቤተሰብ ግን እኩል ነው የሚካፈለው። የኢቡ አባትም ሳይሞቱ በፊት እኩል አካፈሉ። ታላቅ ወንድማቸው እስከዛሬ በዓል ሲመጡ ቅርጫቱን ያነሳሉ አሉ፤ በቀልድ አስመስለው። ቤቱ ደግሞ እንደ ልማዱ ለመጨረሻዋ ልጅ ለኢቡ ቀረ። ወላጆቻቸውን የጦሩት እሳቸው ናቸዋ።

ባልና ሚስት አብረው ያፈሩት «ጎኖ ጊኒ» ይባላል፣ ቢፋቱ ይካፈሉታል። ከቤተሰብ የመጣው ግን የመጣበት ሰው ነው። ስለዚህ ባፓክ 30 ዓመት ያረሱት መሬት የሚስታቸው ነው። «ምንም አይመስልዎትም?» አልኳቸው። «እኔ የማርሰው ሩዙን ነው» አሉ።

ከሱ አጠገብ ያለውን ማሳም የሚያርሱት እሳቸው ናቸው። ባለቤቱ ጃካርታ ያለ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ ለኢድ ብቻ ነው ብቅ የሚለው። ምርቱን ለሁለት ይካፈላሉ። ይሄ «ማሮ» ይባላል። ሦስት ቦታ ከተከፈለ «መርተሉ» ነው። የእኩል አራሽና ሲሶ! ጎጃም ያለችው አያቴ እዚህ ብትመጣ አስተርጓሚ የሚያስፈልጋት ለወጡ ብቻ ነው። ወረድ ብሎ ያለው ሰፊ ማሳ ደግሞ የሊቀመንበሩ ነው። የግሉ አይደለም፤ ወንበሩ ላይ እስካለ ድረስ የሚበላው ነው። ድሮ በደሞዝ ፋንታ ነበር፣ አሁን የደሞዝ ጭማሪ ሆኗል። «ታናህ ቤንግኮክ» ይሉታል። በንጉሡ ዘመን ማደሪያ መሬት የምንለው አልነበር? ያው ነው።

ሩዙስ? ሩዙ ከሦስት ቀን በፊት ተሽጧል። ገና ቆሞ ሳለ ነጋዴ መጥቶ፣ በዓይኑ ገምቶ፣ ቀብድ ሰጥቶ ሄዷል። አጫጆቹን የሚያመጣውም እሱ ነው። እንግዲህ መሬቱ የኢቡ፣ ደብተሩ ባንክ፣ ሩዙ የነጋዴው። ይሄን እያሰላሰልኩ ሳለ ባፓክ አንድ ገመድ ሳብ አደረጉ። ማሳው ላይ የተንጠለጠሉ ቆርቆሮዎች ተንኳኩ፣ የወፍ መንጋ ብር ብሎ ተነሳ።

«ሽጠውት የለ እንዴ?» አልኳቸው።

«ወፎቹ አልሰሙም» አሉና እንደገና ሳቡት።

አንድ ነገር ደግሞ ጠየቅኳቸው፤ ባልጠይቅ ይሻል ነበር። ክላተን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የመሬት ግርግር ከበረታባቸው የጃቫ አካባቢዎች አንዷ ነበረች። ሕጉ ለድሃው መሬት ይከፋፈላል አለ። ማከፋፈሉ ተጓተተ። የኮሚኒስት ፓርቲው የገበሬ ማኅበር ሰዎች በራሳቸው ጊዜ ማሳ ገብተው መያዝ ጀመሩ። ከዚያ እ.ኤ.አ. የ1965 መጨረሻ መጣ። በመላ አገሪቱ ኮሚኒስት ነህ እየተባለ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተገደለ። ጎረቤት ጎረቤቱን ያስገደለበት መንደር ብዙ ነው። በዚያው ዓመት፣ በኛ የካቲት 1957 ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ወጥተው ነበር። መጽሐፍ ላይ ሳነበው ሁለቱ አጠገብ ላጠገብ መዋላቸው ደንቆኝ ነበር።

ባፓክ «ያኔ ሕፃን ነበርኩ» አሉ። ሲጋራቸውን ለኮሱ። የዚህ አገር ሲጋራ ውስጥ ቅርንፉድ አለ፣ ጭሱ የበዓል ሻይ ይሸታል። እስኪያልቅ ዝም አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ሳይቀስሩ፣ በአገጫቸው ብቻ፣ ባሻገር ያለች አንዲት ማሳ አሳዩኝና «ያቺ በፊት የሌላ ሰው ነበረች» አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። ጀንበር እየጠለቀች ስለነበር ተመለስን።

ቤቱ ከፊት የብሎኬት፣ ከኋላ የእንጨት ነው። ለምን ሁለት ዓይነት እንደሆነ ኢቡ ወጥ እየሠሩ ነገሩኝ። እ.ኤ.አ. ሜይ 27 ቀን 2006፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው መሬት ተንቀጠቀጠ። ዮግያካርታና ክላተን አካባቢ ከ5,700 በላይ ሰው ሞተ። የነሱ የፊት ክፍል የሸክላ ጡብ ነበር፣ ተደረመሰ። አያታቸው ያቆሙት የእንጨት ቤት ተንጋደደ እንጂ አልወደቀም። ሁሉም እዚያ ስር ነበር የተኙት፣ ተረፉ። ከዚያ መንደሩ ተሰብስቦ በየተራ ሠራ። ዛሬ የአንዱን፣ በሚቀጥለው የሌላውን። ጎቶንግ ሮዮንግ ይሉታል። ደቦ ነው በቃ፣ ሌላ ስም አላወጣለትም።

እዚህ ላይ ኢቡ ማንኪያውን አስቀምጠው ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ አንድ አሮጌ የተማሪ ደብተር ይዘዋል። ጠርዙ በዘይት ወዝቷል። «ደብተር ማየት አማረህ አይደል፣ ሌ?» አሉኝ።

በእጅ የተጻፈ ስም፣ ከጎኑ ነገር። እገሌ፣ 5 ኪሎ ሩዝ። እገሊት፣ ስኳርና ሻይ ቅጠል። እገሌ፣ ሁለት ቀን ጉልበት። እገሌ፣ አንድ ዶሮ። የትልቋ ልጃቸው ሠርግ፣ የአባታቸው ለቅሶ፣ ያ የቤት ሥራ፣ ሁሉም አለ። እነዚያ ሰዎች በተራቸው ሲደግሱ ኢቡ ደብተሩን ገልጠው ያያሉ። 5 ኪሎ ያመጣ 5 ኪሎ ይወስዳል። ማሳነስ አይቻልም፣ ሐሜት ነው። ብዙ ማስበለጥም ደግ አይደለም፣ ሰውየውን ዕዳ ውስጥ መክተት ይሆናል። ትልቋ ልጃቸው ታይዋን ሰው ቤት ትሠራለች። እሷ እንኳ ከዚያ ሆና ስልክ ስትደውል «እነ እገሌ ስንት አምጥተውልን ነበር?» ብላ ትጠይቃለች።

«ይሄኛውስ ትምህርት ቤት ገብቶ ያውቃል?» አልኩ፣ ቀልድ መማሬን ላሳይ ብዬ።

«ይሄ ከቤት አይወጣም» አሉ። አልሳቁም። አጥፈው ወደ ጓዳ መለሱት።

ሌሊት ጓደኛዬ ሮንዳ ተራው ነበር፣ የሰፈር ጥበቃ። አብሬው ወጣሁ። አራት ነን፣ አንድ ባትሪና አንድ ላስቲክ ከረጢት ይዘናል። በየቤቱ ደጃፍ ላይ ትንሽ ጣሳ ተሰቅላለች። ውስጧ አንድ ጭብጥ የማይሞላ ሩዝ አለ፣ ወይም የ500 ሩፒያ ሳንቲም። እየሰበሰብን እንሄዳለን። «ጂምፒታን» ይባላል፣ በጣት ጫፍ ቆንጠር ማለት ነው። ብሩ የመንገድ መብራት አምፑል ይገዛበታል፣ የታመመ ይጠየቅበታል። ለአንድ ቤት ምንም ነው። ጣሳዋ ባዶ ከሆነች ግን ይታወቃል። አንድ ቤት ባዶ አገኘን። ከመካከላችን ትልቁ ሰውዬ ባትሪውን አጥፍቶ «ባልየው ሥራ አቁሟል» አለ ቀስ ብሎ፣ ከራሱ ኪስ ሳንቲም አውጥቶ ከረጢቱ ውስጥ ጣለ። ወደሚቀጥለው አለፍን።

ሲመለስ ጓደኛዬ መንገድ ላይ ቆመ። «ደብተሩ የሚመለሰው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው» አለኝ ሳልጠይቀው። «እኔ ተመልሼ አላርስም። እነሱም ያውቃሉ። ለምን እንደሚያስመልሱት አላውቅም።» ምን እንደምለው ጠፋኝ። እኔም ተመልሼ አላርስም።

እሁድ ስንወጣ ኢቡ በጥቁር ፌስታል ሩዝ፣ ቴምፔ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ ምግብ) እና አንድ እጅ ሙዝ ጠቅልለው ሰጡኝ። እምቢ ማለት አይቻልም። ከሰጡኝ በኋላ ነው የጠየቁኝ፤ እናንተ ዘንድ መሬት የማን ነው?

የመንግሥትና የሕዝብ ነው አልኳቸው። አይሸጥም አይለወጥም። አያቴ ግን ደብተር አላት። የሷና የባለቤቷ ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፎበታል። እሱ ከሞተ ቆይቷል፣ ፎቶው ግን አለ። በላስቲክ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ከነጭ ልብሷ ስር ነው የምታስቀምጠው።

ጓደኛዬ ይሄን ሁሉ ወደ ጃቫኛ ገለበጠላቸው። ፎቶው ላይ ሲደርስ «አዎ?» ብለው ባፓክን ገላመጡ።

«የአያትህስ ትምህርት ቤት ይገባል?» አሉ።

«ድሮ አይፈቀድለትም ነበር» አልኩ። «በመጠቀም መብቱ ማስያዝ የተጀመረው ገና በቅርቡ ነው።»

ኢቡ ራሳቸውን ነቀነቁ። የአያቴን ደብተር የሚያውቁት ይመስል አዘኑለት።

«አይ፣ ገና መዋዕለ ሕፃናት ነዋ» አሉ።