የምሽት ቡና፣ የእጅ ሰዓትና ጥልቅ እንቅልፍ

ጅማ ተቀምጦ የምሽት ቡና መተው ቀላል አይደለም። እኔ የተውኩት እጄ ላይ ያሰርኩት ሰዓት ስላሳመነኝ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ ጠዋት ደክሞኝ እነሳ ነበር፤ ምክንያቱን ማወቅ ፈለግኩ።

ሰዓቱ ውድ የሚባል አይደለም። ከሥሩ አረንጓዴ መብራት አለው። መብራቱ ቆዳ ሥር ያለውን የደም ዝውውር እየተከተለ የልብ ምት ይቆጥራል። ሌላ ሴንሰር ደግሞ መገላበጤን ይመዘግባል። ከሁለቱ ተነስቶ ጥልቅ እንቅልፌን፣ ማለትም ሰውነት ይበልጥ የሚያርፍበትን የእንቅልፍ ደረጃ፣ ይገምታል። ልብ በሉ፣ ይገምታል ነው ያልኩት። ጥልቅ እንቅልፍ በትክክል የሚታወቀው በአንጎል ሞገድ ነው፤ ለዚያ ጭንቅላት ላይ ሽቦ ተለጥፎ መተኛት ያስፈልጋል። ስለዚህ በአንድ ሌሊት ቁጥር አልደነግጥም። የሳምንታቱን አካሄድ ነው የማየው።

መጀመሪያ ምንም ሳልቀይር ቡና የጠጣሁበትን፣ እራት የበላሁበትንና የተኛሁበትን ሰዓት ስልኬ ላይ እጽፍ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀየርኩ። ብዙ ነገር አንድ ላይ ከተቀየረ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም።

የቀየርኩት ቡናውን ነው። እኛ ቤት ጀበናው የሚጣደው ማታ፣ ጎረቤት ከሥራ ሲገባ ነው። አቦል ጠጥቶ መነሳት አይሞከርም፤ ቶናው አለ፣ በረካው አለ። ካፌይን ደግሞ በብዙ ሰው ሰውነት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ምሽት 1 ሰዓት ከጠጣሁት ግማሹ ሌሊት 6 ሰዓት ላይም አለ ማለት ነው። ጥልቅ እንቅልፍ በብዛት የሚገኘው ደግሞ በሌሊቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ከመኝታ 6 ሰዓት በፊት የተወሰደ 400 ሚሊግራም ካፌይን እንኳ ከእንቅልፍ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ይህን ለእናቴ አስረድቼ ቡናው ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ይፈላ ስላት «ቡና ያለ ጎረቤት ምን ቡና ነው? በ9 ሰዓትስ ማን ቤቱ ይገኛል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። በኋላ ተስማማን። ቅዳሜና እሁድ ቡናው 9 ሰዓት ላይ ይፈላል። በሥራ ቀን ማታ ግን ከሰው ጋር እቀመጣለሁ፤ ዕጣኑም ፈንዲሻውም አይቀርብኝም፤ ለእኔ ሻይ ቅጠል የሌለበት ጦስኝ ይቀዳልኛል። ጎረቤቶቻችን መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር። አብሬ ስጫወት ሲያዩ ተዉት። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ከጨዋታው ተነጥዬ ቢሆን ኖሮ አልዘልቅበትም ነበር።

ከሳምንታት በኋላ የጥልቅ እንቅልፉ መስመር ከፍ አለ። ከሱ ይልቅ የማምነው ግን የሌሊት የልብ ምቴ ዝቅ ማለቱን ነው፤ ሰዓቱ የልብ ምትን ከእንቅልፍ ደረጃዎች በተሻለ ይለካልና።

ሰዓቱ የሚሳሳትበትም ጊዜ አለ። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ነቅቼ ዝም ብዬ እጋደማለሁ። ሰዓቱ ይህንንም እንቅልፍ ብሎ ይመዘግበዋል። ለዚህ ነው ጠዋት አፑን ከመክፈቴ በፊት ሰውነቴን የማዳምጠው።

ልትሞክሩት ካሰባችሁ ማሰሪያው ጠበቅ ይበል፤ ከእጅ አንጓ አጥንት ትንሽ ከፍ ብሎ ይታሰር። መብራት ስለሚጠፋ ባትሪው ብዙ ቀን የሚቆየውን ምረጡ። በእንቅልፉ የሚያንኮራፋና ትንፋሹ ቆም ቆም የሚልበት ሰው ግን ሰዓት ከመግዛቱ በፊት ሐኪም ዘንድ ይሂድ።