«ሳይደር»ን ተከትዬ «ሰከረ» ጋ ደረስኩ

ሥርወ ቃል መፈለግ ለምትወዱ ሁሉ፣ ሰሞኑን ይዤው የሰነበትኩትን ቃል ላካፍላችሁ። «ሳይደር» ይባላል። እንግሊዞች ከፖም ጭማቂ የሚጠምቁት መጠጥ ነው።

አሠራሬ ቀላል ነው። ወደ ኋላ አንድ አንድ እርምጃ እሄዳለሁ። በየደረጃው ቃሉ በጽሑፍ የሚገኝበትን ቦታ ሳላይ አላልፍም። እንግሊዝኛው የመጣው ከድሮው ፈረንሳይኛ «ሲድር» ነው። ፈረንሳይኛው ደግሞ ከላቲኑ «ሲኬራ»።

ላቲኑ ላይ ብዙ ቆየሁ፤ ምክንያቱም ቃሉ የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል ነው። ሉቃስ 1፥15 ስለ ዮሐንስ መጥምቅ ሲናገር፣ የወይን ጠጅና የሚያሰክር መጠጥ እንደማይጠጣ ይገልጻል። ግሪኩ እዚያ ቦታ ላይ «ሲኬራ» ይላል። መጽሐፍ ቅዱስን የተረጎመው ሄሮኒሞስም ወደ ላቲን ሲመልሰው ቃሉን እንዳለ ተወው። በአንድ ደብዳቤው ደግሞ ከእህልም፣ ከማርም፣ ከፖምም፣ ከቴምርም ይሠራ፣ የሚያሰክር ሁሉ ሲኬራ ነው ብሎ አብራርቷል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የዊክሊፍ እንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ እዚያው ጥቅስ ላይ «ሲድር» ብሎ አስገባው። በፈረንሳይ እንዳለው እንደ ኖርማንዲ ባለ የፖም አገር ግን ቃሉ ቀስ በቀስ ጠበበና የፖም መጠጥ ብቻ ሆነ።

ግሪኮችስ ከየት አመጡት? ከሴማውያን ነው፤ በዕብራይስጥ «ሼካር» ይባላል። ግሪክኛ «ሽ» ስለሌለው በ«ስ» ጻፉት። የዕብራይስጥ «ሽ» በግዕዝና በአማርኛም ብዙ ጊዜ «ስ» ሆኖ ይገኛል፦ ሻሎም ሰላም፣ ሼም ስም። ስለዚህ ሼካር የእኛው የ«ሰከረ» እና የ«ስካር» ወንድም ነው። እዚህ ስደርስ ደስታዬ ወሰን አጣ! የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «የሚያሰክር» ሲል ያው ሥር እዚያው ቦታ ተቀምጧል። ከዚያም ወዲያ የጥንቷ ባቢሎን ቋንቋ አካድኛ አለ፦ «ሺካሩ»፣ ቢራ ማለት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1750 ገደማ የወጣው የባቢሎኑ ንጉሥ የሐሙራቢ ሕግ፣ ሺካሩ የሚሸጡ ሴቶች ዋጋውን እንዴት እንደሚቀበሉ ሳይቀር ይደነግጋል።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። «ስኳር» ከ«ስካር» ጋር ቢመሳሰልም ዘመዱ አይደለም፤ ሥሩ የጥንቱ የህንድ ቋንቋ የሳንስክሪት «ሻርካራ» ነው። መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የድምፁ ለውጥ በሌሎች ቃላትም መደጋገም አለበት።

አሁን «አልኮል»ን ጀምሬያለሁ። ዓረብኛው «አል-ኩሕል» ዓይን የምንኳልበት ኩል ነው። ስሙ ከደቃቅ ዱቄት ወደ መጠጥ የተሻገረበትን የላቲን ጽሑፍ ያነበባችሁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።