የትራንስፎርመር ቮልቴጅና ከረንት ስሌት
በደብረ ብርሃን ዙሪያ ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ትራንስፎርመር ባየሁ ቁጥር በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ማስላት እወዳለሁ። አቅሙ 200 ኪሎ ቮልት አምፒር የሆነ፣ 15 ኪሎ ቮልት ተቀብሎ 400 ቮልት የሚሰጥ ባለ ሦስት ፌዝ ትራንስፎርመር ብንወስድ፣ 200,000ን ለ1.732 (በባለ ሦስት ፌዝ ስሌት የሚገባው የ3 ስኩዌር ሩት) እና ለ400 ብዜት ስናካፍል በዝቅተኛው ቮልቴጅ በኩል 289 አምፒር ገደማ እናገኛለን፤ በከፍተኛው በኩል ግን 7.7 አምፒር ብቻ ነው። ቮልቴጁ ለ37.5 ሲካፈል ከረንቱ በ37.5 ይባዛል፤ ብክነቱ አነስተኛ ስለሆነ እዚህ ትቼዋለሁ።

ብዙዎችን የሚያሳስተው የጥቅልሉ፣ ማለትም በትራንስፎርመሩ ውስጥ የተጠመጠመው ሽቦ፣ ዙር ብዛት ነው። የከፍተኛው ቮልቴጅ ሦስት ጥቅልሎች በዴልታ (እንደ ሦስት ማዕዘን)፣ የዝቅተኛው ደግሞ በስታር (አንድ ጫፋቸው በአንድ ነጥብ ተገናኝቶ) ከተያያዙ፣ በዝቅተኛው በኩል አንዱ ጥቅልል የሚያገኘው 400 ሳይሆን 231 ቮልት (400 ለ1.732 ሲካፈል) ስለሆነ፣ የዙሩ ንጽጽር 37.5 ሳይሆን 65 ገደማ ይሆናል። ወደ ወፍጮ ቤቱ የሚወርደው ገመድ ከላይኛው መስመር እጅግ የሚወፍረውም ብዙ አምፒር ስለሚሸከም ነው።