ኪዳነ ምሕረት የሰማችኝ ስለት፦ የባለቤቴ 70ኛ ዓመት ልደት በብስክሌት

እስከዚህች ሰዓት ያደረሰን የእግዚአብሔር ስም የተመሰገነ ይሁን። ስለቴ ስለ ሠመረ ይህን ምስክርነት እጽፋለሁ። ስለቱን የተሳልኩት ለብቻዬ፣ በሆስፒታል ግድግዳ ሥር ቆሜ ነበር፤ ምስጋናው ግን በሰው ፊት እንዲሆን ያን ጊዜውኑ ቃል ገብቻለሁ።

ባለቤቴ የተወለደው ግንቦት 1 ቀን 1947 ዓ.ም. ባሕር ዳር ነው። በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ የተወለደበትን ቀን በትክክል አያውቅም፤ ወደ አሜሪካ ሲመጣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈለትን ይዞ ይኖራል። የእሱ ግን ልደታ ለማርያም ስለሆነ እናቱም ጎረቤቱም አልረሱትም። አባቱ በጣሊያን የጦር ካሳ በተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ስለነበሩ፣ ጠዋት ጠዋት ከብስክሌታቸው ኋላ አስቀምጠው ትምህርት ቤት እያደረሱት ወደ ሥራቸው ያልፉ ነበር። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ብስክሌት ለባሕር ዳር ልጅ እግሩ ነው። ሰሜን ቨርጂኒያ ኖረን ጡረታ ሲወጣም ብዙ ሳይቆይ የሀገራችን ልጆች ካቋቋሙት የብስክሌት ክበብ ገባ። በዕድሜ የሚበልጠው እሱ ስለሆነ ሁሉም «ጋሼ» ይሉታል።

ክበቡ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጋልበው ዋሽንግተን ኤንድ ኦልድ ዶሚኒየን በሚባለው መንገድ ላይ ነው። በስሙ የሚጠራው ባቡር በ1968 እ.ኤ.አ. አገልግሎቱን ካቆመ በኋላ በሐዲዱ ቦታ አስፋልት ተነጥፎበት፣ ከአርሊንግተን እስከ ፐርሰልቪል 72 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቅ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሆኗል። መኪና አይገባበትም። እኔ ይህ ሁሉ እየተነገረኝም ቢሆን ጡረተኛ ሰው በዚያ ቀጭን ጎማ ላይ ሲወጣ ማየት አልወድም ነበር፤ «እመቤቴ፣ ከዚህ ብረት አላቂልኝ» እያልኩ እለምን እንደነበርም አልደብቅም።

በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ቪየና ከምትባለው የቨርጂኒያ ከተማ ወደ ሬስተን ሲሄዱ፣ ሳይደናቀፍና ማንም ሳይነካው፣ እግሩ ከፔዳሉ ሳይላቀቅ ወደ ጎን ወደቀ። ከኋላው የነበረችው የክበቡ አባል ነርስ ናት። ስትደርስ እንደሚያንኮራፋ ሰው እየቆየ አየር ይስብ ነበር፤ ሌሎቹ «ይተነፍሳል» ብለው ሲጽናኑ እሷ ግን ይህ ልቡ የቆመ ሰው የመጨረሻ ትንፋሽ መሆኑን ስለምታውቅ፣ አንዱን 911 እንዲደውል አዝዛ ደረቱን መጫን ጀመረች። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል እየዘለቁ መጫን ጉልበት ይጨርሳል፤ በዚያ ሲሮጥ ያለፈ አንድ የማናውቀው ሰው ተንበርክኮ ተቀበላት፤ እየተፈራረቁም ቆዩ። ከአምቡላንሱ ቀድሞ የደረሰ ፖሊስ ኤኢዲ የሚባለውን ልብን በኤሌክትሪክ የሚመልስ ማሽን ከመኪናው አወጣ። ማሽኑ በድምፅ «አትንኩት» ብሎ አስጠንቅቆ ልቡን አንዴ መታው፤ እንደገናም መታው። የልብ ምቱ የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ሆስፒታል ስደርስ መተንፈሻ ቱቦ ገብቶለት፣ አንጎሉ እንዳይጎዳ የሰውነቱ ሙቀት እንዲቀንስ ተደርጎ ተኝቶ ነበር። ሐኪሙ ምንም ሳይሸፍን ነገረኝ። ከሆስፒታል ውጭ ልቡ ከሚቆም ሰው ከመቶ አሥር ያህሉ ብቻ በሕይወት ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ይነቃ አይነቃ እንደሆነ ለመናገርም ቢያንስ ሦስት ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል። የንስሐ አባታችን መጥተው ጸሎት ካደረሱ በኋላ መስቀላቸውን ከቱቦው ከፍ አድርገው ግንባሩ ላይ አሳረፉት። እሳቸው ሲወጡ እኔ ወደ ግድግዳው ዞሬ፣ «ኪዳነ ምሕረት፣ ከልጅሽ አማልጂኝ። ሙሉ አእምሮውን ይዞ ከተነሣልኝ ወርቀ ዘቦ ጥላ አገባልሻለሁ፤ ያንንም የምጠላውን ብስክሌት በእጄ አወጣለታለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ሁለተኛው ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። የማልወደውን ነገር ካልሰጠሁ ስለት ስለት የሚሆን አልመሰለኝም መሰለኝ።

ሐኪሞቹ የሰጡት ሦስት ቀን ሲያልቅ ዓይኑን ገለጠ። ቱቦው ከወጣ በኋላ በሻከረ ድምፅ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል «ብስክሌቴን ማን ወሰደው?» የሚል ነበር። አማርኛ የማታውቀው የሆስፒታሉ ነርስ ምን እንዳለ ስትጠይቀኝ ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ ስለያዘኝ መመለስ አቃተኝ።

ተዘግቶ የነበረው የልቡ የደም ሥር ስቴንት በሚባል ትንሽ ቱቦ ተከፈተ፤ ምቱ ዳግም ቢዛባ ራሱ የሚያስተካክል ትንሽ መሣሪያም በደረቱ ቆዳ ሥር ተቀበረለት። ደረቱ ሲጫን የተሰበሩት የጎድን አጥንቶቹ ከሁሉ ይልቅ አስቃዩት፤ የክበቡ ነርስ ልትጠይቀው መጥታ ይቅርታ ስትለው «የቀሩትንም ብትሰብሪልኝ ግድ የለኝም» አላት። ቀጥሎ ለልብ ሕሙማን ወደሚሰጠው የማገገሚያ ስፖርት ሲላክ ሐኪሞቹ ያወጡት መሬት ላይ የተተከለ ብስክሌት ላይ ነበር። እኔ እንዲርቅ የለመንኩለት ነገር በሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት ሆኖ መጣ።

ጥላውን በየካቲት 16 በዓሏ ዕለት አገባሁ። ብስክሌቱ ግን መንገድ ላይ እንዲጋልብ ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ድረስ ጋራዥ ውስጥ ተሸፍኖ ቆየ፤ ፈቃዱ የመጣው 70 ዓመቱን ሊደፍን ጥቂት ሲቀረው ነው። ክበቡ ልደቱን ግንቦት 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ቅዳሜ ለማክበር ሲወስን፣ በማለዳ ጋራዡን ከፍቼ ሽፋኑን ገፈፍኩና ብስክሌቱን በእጄ እየገፋሁ እስከ መኪናው ድረስ አወጣሁለት። ምንም አላለኝም፤ ኮፍያውን አስሮ ከኋላዬ ቆሞ ይመለከተኝ ነበር። ጎማውን የነፉለት ልጆቹ ናቸው።

ከቪየና እስከ ሄርንደን ድረስ አሥራ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወጣቶቹ ለብቻቸው ሲሆኑ የሚበሩበትን መንገድ እሱን ከፊት አድርገው በእሱ ፍጥነት ሄዱ፤ ነርሷም እንደዚያን ቀን ከኋላው ነበረች። የወደቀበት ቦታ ሲደርሱ ሁሉም ዝም ብለው ሲጠብቁ እሱ ምንም ሳይለይ አልፎት ሄደ፤ የዚያን ቀን ጠዋት ከአእምሮው ጨርሶ ጠፍቷልና። እሷ ግን ወርዳ ጥቂት ቆማ ተከተለቻቸው። ይህን የሰማሁት ከራሷ ነው።

እኔ በመኪና ቀድሜ ሄርንደን ከድሮው የባቡር ጣቢያ አጠገብ ጠበቅኋቸው። ልደታ ከደጅ ወጥቶ ንፍሮ በመብላት የሚከበር በዓል ስለሆነ፣ በማግስቱም ቢሆን ስንዴና ሽምብራ ቀቅዬ ድፎ ዳቦም ጋግሬ ነበር። ለእሱ ጨው ስለተከለከለ ንፍሮውን ያለ ጨው አመጣሁት፤ ልጆቹ «እትዬ፣ ጨው ረስተሻል» ሲሉኝ ጋሼአችሁን ጠይቁ አልኳቸው። ካባላቱ አንዱ አቡነ ዘበሰማያት ደግመው ዳቦው ተቆረሰ፤ ኬኩ ከዚያ በኋላ መጣ።

አንዳንድ ወዳጆቻችን ያዳነው ማሽኑና ነርሷ እንጂ ስለት አይደለም ይላሉ። ከእነሱ ጋር አልከራከርም። እኔ የለመንኩት እንዲነሣልኝ ነው፤ በማን እጅ እንደሚነሣ አልወሰንኩም። ያ ሯጭ በዚያች ደቂቃ በዚያ እንዲያልፍ ያዘዘውን አውቃለሁ፤ ሯጩንም እስከ ዛሬ ባላገኘውም ስሙን የሚያውቀው አምላክ እንዲጠብቀው ከጸሎቴ አላወጣውም። ክበቡም ደረት የመጫን ሥልጠና ለአባላቱ በሙሉ አሰጥቷል፤ እኔም ገብቼ በፕላስቲክ አሻንጉሊት ላይ ላብ እስኪያሰምጠኝ ተለማምጃለሁ።

ስንመለስ ለሚቀጥለው ልደቱ እስከ ፐርሰልቪል መድረስ እንደሚፈልግ ነገረኝ። ያ በስለቴ ውስጥ አልነበረም፤ ለሐኪሙ እነግረዋለሁ አልኩት።