106 ወይስ 129? ፈተና ላይ ያቃጠለኝ የስብ ሒሳብ

ደብረ ብርሃን ለባዮኬሚስትሪ ፈተና ሳጠና፣ ሰውነት ስብን ቆራርጦ ስንት ኃይል እንደሚያገኝ የሚሰላበትን መንገድ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ስንት ሌሊት ባተረፍኩ ነበር።

መግቢያው ቀላል ነው። ፋቲ አሲዱ፣ ማለትም የስቡ ረጅም የካርቦን ሰንሰለት፣ ኮኤንዛይም ኤ (ኮኤ) ከሚባል ረዳት ሞለኪውል ጋር ይያያዛል። ረጅም ሰንሰለት ያለውን ካርኒቲን የሚባል ሞለኪውል ተሸክሞ የሴሉ ኃይል ማመንጫ ወደሆነው ማይቶኮንድሪያ ያስገባዋል። እዚያ በየዙሩ በአራት እርምጃ ሁለት ካርቦን ይቆረጥለታል፤ የተቆረጠው አሴቲል ኮኤ ይባላል። በበጋ ሣር ሲጠፋ የመንዝ በግ ላቱ የሚሳሳው በዚሁ ሥራ ነው።

ሞጁሉ መጀመሪያ የኢንዛይሞቹን ስም አጥኑ ይላል። እኔ ግን መጀመሪያ መቁረጡን ልመዱ እላለሁ። ፓልሚቲክ አሲድ 16 ካርቦን አለው። ስንት ዙር ይፈልጋል? ሁሌ 8 እል ነበር። ያቃናኝ አባቴ ነው። 16 ክንድ የባሕር ዛፍ አጣና በሁለት በሁለት ክንድ ሲቆርጥ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። 8 ቁራጭ ወጣ፣ የቆረጠው ግን 7 ጊዜ ነው። «የመጨረሻውን ምን ልቁረጠው? እሱ ራሱ ቁራጭ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አልተሳሳትኩም።

የከፋው ፈተናው ላይ መጣ። አንድ ፓልሚቲክ አሲድ ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል፣ ወጪው ተቀንሶ ስንት ኤቲፒ (ሴሉ ለሥራው የሚከፍለው የኃይል ሳንቲም) ይተርፋል? 106 ብዬ ጻፍኩ። ኤክስ ተደረገብኝ፤ መልሱ 129 ነው ተባለ።

ሁለቱም ስሌት አላቸው። ከ7ቱ ዙር 7 ኤፍኤዲኤች2 እና 7 ኤንኤዲኤች የሚባሉ ኃይል ተሸካሚዎች፣ እንዲሁም 8 አሴቲል ኮኤ ይገኛሉ፤ እያንዳንዳቸው በሚሰጡት ኤቲፒ ይባዛሉ። በድሮው አቆጣጠር በ2፣ በ3 እና በ12 ሲባዙ 131 ይሆናል። በአሁኑ በ1.5፣ በ2.5 እና በ10 ሲባዙ 108 ነው። ከሁለቱም 2 ይቀነሳል። መጀመሪያ ፋቲ አሲዱን ለማያያዝ የሚወጣው አንድ ኤቲፒ ነው፤ ግን ሁለት ፎስፌት አጥቶ እስከ ኤኤምፒ ስለሚወርድ እንደ ሁለት ይቆጠራል። ይቺን መቀነስ የሚረሳ ብዙ ነው።

ወረቀቴን ይዤ መምህሩ ቢሮ ሄድኩ። «ሃንድአውቱ ላይ ያለው 129 ነው» አለኝ፤ ቀና ብሎም አላየኝ። ሃንድአውቱ የድሮውን ቁጥር ይዞ መቅረቱን ላስረዳው ብሞክር አልሰማኝም። እስካሁን ያናድደኛል። በራሴም እናደዳለሁ፤ ስሌቱን ሳላሳይ ቁጥሩን ብቻ ነበር የጻፍኩት። ማባዣዎቹን ጽፌ ቢሆን ኖሮ መከራከሪያ ይኖረኝ ነበር።

ስለዚህ ለታናሽ እህቴ እንዲህ አልኳት፦ ወረቀቱ እንደደረሰሽ ከሁሉ በፊት የምትጠቀሚባቸውን ሦስት ማባዣዎች ጫፉ ላይ ጻፊ። ከዚያ ቁረጪ፣ አባዢ፣ 2 ቀንሺ።