ቅጠሉ አልበሰብስ ሲል

ጫካ ገብታችሁ መሬት ላይ የወደቀውን ቅጠል በእጃችሁ ገለጥ አድርጋችሁ ታውቃላችሁ? ላይ ላዩ ደረቅ ነው፣ ዝቅ ስትሉ እርጥብ ይሆናል፣ ከዛ ሥጋው ተበልቶ ጅማቱ ብቻ እንደ ወንፊት የቀረ ቅጠል ታገኛላችሁ፣ ከስሩ ደግሞ ጥቁር አፈር። ባየሁት ቁጥር ይደንቀኛል፣ ምክንያቱም የዛፉ የነገ ምግብ እዛ ጋር ነው የሚዘጋጀው፣ አዘጋጆቹም ፈንገስ፣ ባክቴሪያና የምድር ትል ናቸው።

የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ፣ ከድንጋይ ከሰልና ከመኪና የሚወጣው የሰልፈርና የናይትሮጅን ጋዝ አየር ላይ ከውሃ ጋር ሲገናኝ አሲድ ሆኖ እዛው ላይ ይዘንባል። ንጹህ ዝናብ ራሱ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፣ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ ይጨምራል) 5.6 አካባቢ ነው፣ 4.6 ሲገባ ግን አሲዱ 10 እጥፍ ሆነ ማለት ነው፣ 1 ቁጥር ብቻ ወርዶ! የአፈሩ ካልሲየም ታጥቦ ይሄዳል፣ መርዛማ አሉሚኒየም ይለቀቃል፣ ትሎቹ ይጠፋሉ፣ ባክቴሪያው ይዳከማል፣ ቅጠሉም ይከመራል እንጂ ቶሎ አይበሰብስም። ናይትሮጅኑ ማዳበሪያ ነው ብላችሁ ደግሞ እንዳትጽናኑ፣ ሲበዛ ሊግኒን የሚባለውን ጠንካራውን የቅጠል ክፍል የሚሰባብሩትን ፈንገሶች ሥራ ያቀዘቅዛል።

አሜሪካ ሀባርድ ብሩክ ጫካ ውስጥ በ1999 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ካልሲየም ያለበት ማዕድን በሄሊኮፕተር በትነው ነበር፣ የሜፕል ዛፎቹ አገገሙ። ደስ ይላል፣ ግን ስንቱ ጫካ ላይ ነው በሄሊኮፕተር የሚበተነው? የሰልፈሩን ጋዝ እኮ ገና ከጭስ ማውጫው ሳይወጣ በኖራ ድንጋይ መያዝ ይቻላል፣ ቴክኖሎጂው ከድሮ ጀምሮ ያለ ነው።